አንድ ደቂቃ ከሃምሳ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ የሞተር ውድድሩን ቆሞ ከሚያየው ሰው ይልቅ ማን እንደሚያሸንፍ ሲከራከር ጉሮሮው የሚደርቀው ይበልጣል። ውድድሩ እኮ ሦስት እሁድ ብቻ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ይጀመርና የሰኔ ዝናብ ሳይደርስ ያልቃል። ትንበያው ግን ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጸጉር ቤቱን፣ ሥጋ ቤቱንና የታክሲ ወረፋውን ይቀውጠዋል። "ዘንድሮ ዋንጫው የዱከም ነው" ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ሥጋ ሲገዛ እንኳ አጥንት ይበዛበታል።

ነገሩን የጀመረው ሙህሲን ነው። ሙህሲን የስልጤ ልጅ ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ከሱቁ የማይተናነስ ዲሽ ሰቅሏል። በዚያ ዲሽ የፈረንጆቹን ሱፐርባይክ እያሳየ ሰፈሩን አሳበደው። ፈረንጆቹ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለሙከራ ይወጣሉ፤ ሰዓታቸው ይያዛል፤ ከዚያ አዋቂ ነን ባዮች ከረባት አስረው ይቀመጡና "የዘንድሮው ሻምፒዮን እገሌ ነው" ይላሉ። ሱቁ ውስጥ ቋንቋውን አጥርቶ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ለመከራከር ግን ማን ቋንቋ ፈለገ!

ሙህሲን በማየት ብቻ አላበቃም። በጅቡቲ በኩል አንድ አሮጌ ሰባት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር አስመጣ፤ ሰፈሩም "ሱፐሩ" ብሎ ስም አወጣለት። ሳሪስም፣ ዱከምም፣ ደብረ ዘይትም ቅናት ይዟቸው የየራሳቸውን አመጡ። ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሞተር፣ አንድ ነጂ። ነጂው የሚመረጠውና ትንበያው የሚነገረው በየካቲት፣ በሙከራው ቀን ነው። ይህን ሁሉ የሚወስነው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ ፈቀደ።

ጋሽ ፈቀደ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር። አንዲት ሠራተኛ በስንት ሰከንድ የተበጠሰ ክር እንደምትቀጥል፣ ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን ሽንት ቤት እንደቆየ ከእጁ የማትለየው የሩጫ ሰዓት ትመሰክራለች። የገዛ ሚስቱን ወንድም አራት ደቂቃ አረፈድክ ብሎ የግማሽ ቀን ደሞዝ አስቆርጦታል። ሰውየው ሰባት ዓመት ሙሉ ለፋሲካ ቤቱ ድርሽ አላለም። ጋሽ ፈቀደ ግን "አራት ደቂቃ አራት ደቂቃ ነው" ብሎ ዶሮውን ብቻውን በላ።

ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው ያቺኑ ሰዓት ሸለመው። ሙህሲን ወዲያው ጠልፎ ለሙከራው አደረገው፤ ጋሽ ፈቀደም ስድስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ማን እንደሚወስድ ተናግሮ አንድም ጊዜ አልሳተም። በዚህ የተነሳ "ፈቀደ ካለ አለ ነው" ተባለ። ከትከሻው በላይ አሻግሮ ሰዓቷን ለማየት መሞከር እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሙህሲን ካርቶን ላይ ይጽፋል፣ እሱ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ወደ ዜሮ ይመልሳታል። በቃ፣ አለቀ።

የሁለት ሺህ ሦስቱ ሙከራ ሲቃረብ ግን ጋሽ ፈቀደን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር መጣ። ሱፐሩን ለመንዳት ከቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዷ ልጁ ናት።

የአብስራ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሙህሲን ሱቅ ጀርባ ባለው ጋራዥ ቱታ ለብሳ ትውላለች፤ ጥፍሮቿ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ለጥምቀትም አይለቅም። እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ መጀመሪያ "ኧረ በስመአብ፣ ሴት ልጅ!" ብላ ነበር፤ በኋላ የቤቱ ውሃ መሳቢያ ሲበላሽ ልጅቷ በሃያ ደቂቃ ስትጠግነው አይታ አፏን ያዘች። የሱፐሩን ሞተር ሁለት ጊዜ ፈትታ የገጠመችው የአብስራ ናት። ድምፁን ሰምታ የትኛው ካንዴላ እንደደከመ ትናገራለች። መንዳቱንም ማንም ሳያስተምራት፣ የጠገነችውን ሞተር ሁሉ "ልሞክረው" እያለች ነው የለመደችው። ሙህሲን ደግሞ ቁርጡን ነግሯል፤ መለዋወጫው እየጠፋ ስለሆነ የሐምሌ ወር ሳይገባ ሱፐሩን ይሸጠዋል። ዘንድሮ ያልነዳው መቼም አይነዳውም። የአብስራ ከጥምቀት ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ሌላኛው ሙሀመድዘይን ይባላል፤ ቤተሰቡ ከወሎ መጥተው በጭነት ሥራ የኖሩ ናቸው፤ እሱም ቀን ቀን በአይሱዙ ጤፍ ያመላልሳል። ምራቁን ዋጥ ያደረገ፣ ለታላቅ ከመቀመጫው የሚነሳ ልጅ ነው። እንኳን ሌላው፣ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ራሷ ትወደዋለች።

ሙከራው የሚደረገው ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ተሠርቶ ባልተመረቀ አዲስ አስፋልት ላይ ነው። የመንገዱ ዘበኛ ሁንዴ እሁድ ጠዋት ገመዱን ያነሳል፣ "ማንም ቢጠይቅ አላየሁም" ይላል፣ ከዚያ ራሱ ከሁሉም ቀድሞ ጥሩ ቦታ ይዞ ይቆማል። ከሁለት የሬንጅ በርሜሎች ተነስቶ ቁልቁል መውረድ፣ ከታች የጠጠሩን ክምር ዞሮ ተመልሶ በርሜሎቹን ማለፍ። እያንዳንዱ ነጂ ሦስት ዙር አለው፤ የሚቆጠርለት ጥሩው ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ሕዝቡ ጉድ ነበር። ከሳሪስ አቦ ቅዳሴ አስቀድሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ የመጡ አሉ። ሌላ ቀን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ለጠያቂ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሐጀራም ጎላዋን ይዛ መጥታ ገና አንድ ሞተር ሳይነሳ ግማሹን ሸጣለች። የዱከሙ ነጂ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሦስት ገባ። ሳሪስና ደብረ ዘይት ከዚያም ዘገዩ። ሙሀመድዘይን በሱፐሩ ሦስተኛ ዙሩን አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሲገባ አቃቂ በፉጨት ተናወጠች።

የአብስራ ተነሳች። የመጀመሪያው ሃምሳ አምስት፣ ሁለተኛው ሃምሳ አራት። ጋሽ ፈቀደ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ የፋብሪካ ፊቱን ነው ያደረገው። በሦስተኛው ግን ልጅቷ ኩርባው ላይ ፍሬን የያዘች አልመሰለችም። ሱፐሩ ጎኑን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ዞረ፣ ቀና አለ፣ ሽቅብ እየጮኸ መጣ። በርሜሎቹን ስታልፍ አውራ ጣቱ ሰዓቷን ቀጭ አደረጋት።

አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። ድፍን።

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሰዓት አይቶ አያውቅም። "ጎሽ የኔ ልጅ!" ሊል ምንም አልቀረው። ልክ በዚህ ጊዜ ከኋላው የዱከም ሰው ሳቅ ሰማ።

"ሰዓት ያዡ አባቷ አይደል እንዴ? ምን ቸገራት!"

"ጋሼ፣ ስንት ልጻፍ?" አለ ሙህሲን፣ እስክሪብቶውን ካርቶኑ ላይ ደቅኖ።

እንግዲህ ምላሱ ምን እንደነካት እግዜር ይወቀው። ሠላሳ ዓመት እውነት ስትናገር የኖረች ምላስ "አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሦስት" አለች። አውራ ጣቱም ከምላሱ ጋር ተማክሮ ሰዓቷን ወደ ዜሮ መለሳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

"ትንበያውስ?" አለ ሕዝቡ።

"ዋንጫው የአቃቂ ነው" አለ ጋሽ ፈቀደ፣ ወደ ልጁ ሳያይ። "ሙሀመድዘይን ከነዳው።"

ከዚያ የሆነውን ባይናገሩት ይሻላል። ሰው ሁሉ መጥቶ እጁን ጨበጠው። "ሰው ማለት እንዲህ ነው! ለልጁ እንኳ አላዳላም!" ያ የዱከም ሰው ራሱ፣ ቆቡን አውልቆ "ይቅርታ አባቴ፣ ቅድም አሽሟጥጬ ነበር" አለው። ሐጀራ ሦስት ሳምቡሳ በነጻ ሰጠችው። ጋሽ ፈቀደ፣ ለምን ይዋሻል፣ ደስ አለው። ትከሻው ሰፋ። እቤቱ እስኪደርስ ድረስ ሰፍቶ ቆየ።

እቤት ሲደርስ የአብስራን እጇን በኦሞ ስትታጠብ አገኛት። ታኮርፋለች፣ ትጮኻለች፣ በር ወርውራ ትዘጋለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ቢሆንለት ይሻለው ነበር።

"አባዬ" አለች፣ "ሦስተኛው ላይ የት ጋ ነው ያጠፋሁት? ማርሹን ቀድሜ ቀንሼ ይሆን?"

"እ... ምናልባት" አለ።

"በልቤ ስቆጥር ሃምሳ የገባሁ መስሎኝ ነበር እኮ! ሞኝ!" ብላ በራሷ ሳቀች። "ሃምሳ! አቤት እብሪት! ሰዓቷ ሃምሳ ሦስት ካለች ሃምሳ ሦስት ነው።"

ጋሽ ፈቀደ ሳይርበው ምሳ ጠየቀ።

ሰኞ ሥጋ ቤት ሲሄድ ያለ አጥንት ንጹህ ብልት ቆረጡለት። ማክሰኞ ጸጉር ቤት አንዱ ተነስቶ ወንበር ለቀቀለት። ረቡዕ በሳሪስ አቦ ማኅበርተኞች መካከል አንድ ሽማግሌ ቆመው፣ "ፍርድ እንደ ፈቀደ ነው እንጂ! አብርሃም ልጁን እንዳቀረበ..." እያሉ ሲያወድሱት አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን ያላምጥ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

የአብስራ ግን በየቀኑ ከራሷ አንድ ነገር እየቀነሰች ሄደች። ማክሰኞ የሱፐሩን የፍሬን እጀታ ለሙሀመድዘይን ጣት እንዲመች አስተካከለችለት። "ረጅም ጣት አለው፣ ካልራቀለት ይቸገራል" አለች። ረቡዕ ከደሞዟ አጠራቅማ የገዛችውን የቆዳ ጓንት ለሱ ሰጠችው። ሐሙስ ምሳ ላይ ለእናቷ እንዲህ አለቻት፦

"እማዬ፣ አክስቴ እቴቴ ሳሪስ ላለው የኮስሞቲክስ ሱቋ ሰው ትፈልጋለች አላልሽም? ልገባ ነው።"

"ጋራዡስ?"

"ጋራዡማ ተወዳዳሪ ነኝ ብዬ ነበር የምለፋው። ለካ ያንን ሁሉ ዓመት እየበረርኩ የመሰለኝ ቆሜ ኖሯል። ካወቁ ይበቃል።" ይህን ስትል አላለቀሰችም። ወጡን ጨልፋ ለአባቷ ጨመረችለት።

ጋሽ ፈቀደ ያንን ወጥ አልበላውም። ልጅቷ ወጥታ ስትሄድ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ገበታውን አየችና ባሏን አየችው።

"አሞሃል?"

"አላመመኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው ከእሁድ ጀምሮ እህል የምትጠላው?"

ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ ከሷ ማምለጫ የለም። ነገራት። ሃምሳ ድፍን እንደነበር፣ ሰውየው እንደሳቀ፣ ምላሱ እንዴት እንደከዳው፣ ሁሉን ነገራት። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው!" አለች። "ያገር ሰዓት በእጁ ይዞ ልጁን ሰዓት ነፈጋት! ለምን?"

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ።"

"ወንድሜን በአራት ደቂቃ ያስቀጣህ ጊዜ ሰው የት ሄዶ ነበር? ያኔ እናቴ አልቅሳ ለምናህ ሰው ምን ይለኛል አልክ?"

"ያኔ እውነት ነበራ!"

"አሁንስ? እውነቱ የልጅህ ስለሆነ ነው እውነትነቱ የቀረው?"

ጋሽ ፈቀደ "ካለፈ በኋላ ምን ይደረጋል" ብሎ አጉተመተመ።

"አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ቅዳሜ ቁልፉ ለሙሀመድዘይን ይሰጣል። ከዚያ በፊት ሂድና የዘራኸውን ንቀል። ልጄ ሽቶ ሻጭ ብትሆን አላፍርባትም፤ አልችልም ብላ ከሆነ ግን ያንተን ምግብ ከእንግዲህ ሌላ ይሥራልህ።" ይህን ብላ ሳህኑን አነሳችው። እውነትም አነሳችው።

ቅዳሜ ጠዋት የሙህሲን ሱቅ ከነደጃፉ ሞልቶ ነበር። ሱፐሩ ታጥቦ፣ ካቴናው ዘይት ተቀብቶ መሐል ቆሟል። ትንበያው የተጻፈበት ካርቶን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሙሀመድዘይን አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ሙህሲን ቁልፉን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ጋሽ ፈቀደ ከደጃፍ "ቆይ!" አለ።

ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሰዓቱ ሌላ ነበር" አለ። "የአብስራ ሦስተኛውን የገባችው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ነው። ሦስቱን ሰከንድ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለልጁ አዳላ እንዳልባል ብዬ ዋሸሁ።"

የመጣለትን መልስ ግን ጋሽ ፈቀደ አልጠበቀውም።

"አሃ! ሚስቱ እህል ከልክላው ነው!"

"ስድስት ቀን ዝም ብሎ ዛሬ? ቁልፉ ሊሰጥ ሲል? አቦ አትቀልዱ!"

"እሁድ እንኳ ሰው ነበር። በመጨረሻ ዘመድ አሸነፈው።"

ማንም አላመነውም። ሲዋሽ የጨበጡት እጆች እውነት ሲናገር ኪሳቸው ገቡ። ባለ ሥጋ ቤቱ ራሱ እዚያው ነበረ፤ ያን ብልት በልቡ ሲቀንስ ጋሽ ፈቀደ በዓይኑ አየው።

ሙህሲን ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። የተከበረ ነጋዴ ነው፤ ትንበያውን እስከ ደብረ ዘይት ድረስ ደውሎ አስነግሯል። "ጋሽ ፈቀደ" አለ፣ "እኔ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማይዎት። ይንገሩኝ እስቲ፤ የቱ ነው ውሸቱ? የእሁዱ ነው የዛሬው?"

"የእሁዱ።"

"ማስረጃስ?"

ማስረጃ የለውም። በገዛ አውራ ጣቱ ዜሮ አድርጎታል። ሌላ ሰው ሰዓቷን እንዳያይ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስከበረው እሱ ራሱ ነው።

የጋራዡ በር ጋ ያለው ሰው ወዲያና ወዲህ ከፈል አለ። የአብስራ ቱታዋን እንደለበሰች ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም አላየም።

"ስንት ነበር?" አለች።

"የአብስራ..."

"ስንት ነበር አባዬ?"

"አንድ ደቂቃ ከሃምሳ።"

"ሃምሳ ከስንት?"

"ድፍን። ሃምሳ ድፍን።"

ልጅቷ የተቆለለ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ፊቷ ላይ መጣና ሄደ። "ቆጥሬው ነበር እኮ" አለች ቀስ ብላ። "በልቤ ቆጥሬው ነበር። አንተ ሌላ ስትለኝ፣ አንተን መጠርጠር ትቼ ራሴን ጠረጠርኩ።"

ጋሽ ፈቀደን ከዚያ ሁሉ ሰው ስድብ ይልቅ ይህቺ አንጀቱን ቆረጠችው። "አጠፋሁ" አላት። እሷ ግን ፊቷን ወደ ሱፐሩ አዞረች።

ይህን ጊዜ ሙሀመድዘይን ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኔ የምለው አለኝ" አለ። "እሁድ ሦስተኛውን ስትነዳ ከታች ጠጠሩ ጋ ቆሜ ነበር። ወላሂ እኔ እንደዚያ አድርጌ አልዞርኩም። ሃምሳ ሦስት ሲባል ገርሞኝ ነበር። ግን ጋሽ ፈቀደን እንዴት ተሳስተዋል ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ።" ሙህሲን ቁልፉን ሲዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ። "አልቀበልም። ነገ አንድ አንድ ዙር እንደገና እንንዳ። ሰዓት ሌላ ሰው ይያዝ።"

"ማን ይያዝ?" ጭቅጭቁ ተነሳ። አንዱ የዱከም አማች አለው፣ ሌላው ለአቃቂ ነፍሱን ይሰጣል፣ ሦስተኛው ለሙሀመድዘይን የአክስት ልጅ ነው። በመጨረሻ የመንገዱ ዘበኛ ሁንዴ ተመረጠ፤ ማንም የሱ ዘመድ አይደለምና።

"ኦቦ ፈቀደ" አለ ሁንዴ ሰዓቷን ሲቀበለው፣ "የቷን ነው የምጫነው?"

ጋሽ ፈቀደ ሊያሳየው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። "ሙህሲን ያሳይህ" አለ።

እሁድ ጠዋት ከባለፈው ይልቅ ሰው በዛ። ወሬው ቃሊቲ ድረስ ሄዶ፣ "ሰዓት ያዡ ለልጁ ብሎ እምነት በላ" ተብሎ፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዞ ተመልሶ ነበር። ሐጀራ ሁለት ጎላ ይዛ መጥታለች፤ ለጋሽ ፈቀደ ግን በነጻ የሰጠችው የለም። እሱም ከበርሜሎቹ ራቅ ብሎ፣ ባዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብቻውን ቆመ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ መጣችና አጠገቡ ቆመች። እሱም በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አልፈለገም።

ሙሀመድዘይን ቀድሞ ነዳ። ጥሩ ነዳ፤ ሁንዴ ሰዓቷን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ "አንድ ደቂቃ ከ... ሃምሳ አንድ!" ሲል ያለፈውን የራሱን ሰዓት አሻሻለ። ከሞተሩ ወርዶ ጓንቱን አወለቀና ለየአብስራ ሰጣት። "ያንቺ ነው፣ ውሰጂው" አላት።

የአብስራ ጓንቱን አጠለቀች። የፍሬኑን እጀታ በመፍቻ ወደ ራሷ ጣት መለሰችው። ወደ አባቷ አላየችም፤ ከትናንት ጀምሮ አላየችውም። ፍሪሲዮኑን ለቀቀችና ሱፐሩ ተተኮሰ።

ጋሽ ፈቀደ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሲያይ ዓይኑ መርፌዋ ላይ ነበረ። የዚያን ቀን የሚያየው መርፌ አልነበረውም። ስለዚህ ልጁን አያት። ቁልቁል ስትወርድ ጀርባዋ ከሞተሩ ጋር አንድ ሲሆን፣ ጠጠሩ ክምር ጋ ጉልበቷ አስፋልቱን ሊልስ ሲደርስ፣ አንድ አፍታ የኋላ ጎማው ሸርተት ብሎ ሲመለስ፣ ሁሉን አየ። "ወይኔ ልጄን!" ያለው ጮክ ብሎ ይሁን በልቡ አያውቅም። ሚስቱ ክንዱን ጨምድዳ ይዛዋለች።

ሱፐሩ በርሜሎቹን አልፎ ሄደ። ሁንዴ ተጫነ። ከዚያ ሰዓቷን አገላብጦ ማየት ጀመረ፤ ፀሐይ መስታወቱ ላይ አርፋ አልነበብ ብላዋለች። ሰው ሁሉ ወደሱ ተንጋጋ። "ስንት? ስንት ነው? ንገረን እንጂ አንተ!"

የአብስራ ዞራ መጣች። ወደ በርሜሎቹ፣ ወደ ሰዓቱ አልሄደችም። ቀጥ ብላ አባቷ ፊት አቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ሄልሜቷን አወለቀች። ፊቷ በላብ ርሷል።

ልማድ ነውና የጋሽ ፈቀደ እጅ ባዶ ኪሱን ዳበሰ። "ቆይ" አለ፣ "ቆይ፣ ሁንዴ አሁን ያነበዋል፣ ልንገርሽ..."

"አትንገረኝ" አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። "አርባ ዘጠኝ ነው። ኩርባው ላይ ባይሸራተትብኝ አርባ ስምንት እገባ ነበር።"

ከበርሜሎቹ በኩል የሁንዴ ድምፅ ተሰማ። "አንድ ደቂቃ ከ... አርባ ዘጠኝ!" አካባቢው ተደበላለቀ። ሙሀመድዘይን ከሁሉ ቀድሞ ሲያጨበጭብ፣ ሙህሲን "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" እያለ ካርቶኑን ሲቀድ፣ የዱከሞቹ አኩርፈው ሚኒባሳቸው ሲገቡ፣ ልጅቷ ዞራም አላየች። አባቷን ነበር የምታየው፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሙህሲን አዲስ ካርቶን ይዞ እየሮጠ መጣ። እያለከለከ እስክሪብቶውን በጥርሱ ከፈተ። የተናደደበትንም፣ ያፈረበትንም ረስቶት ነበር፤ ከኋላው ሕዝቡ ጆሮውን አቁሞ ተከትሎታል።

"በሉ እንጂ ጋሽ ፈቀደ፣ ዓመቱ አይለፈን!" አለ። "ትንበያው! ዋንጫውን ማን ይወስዳል?"

ጋሽ ፈቀደ ሰዉን ሁሉ አየ፤ ያመነውንም፣ ገና ያላመነውንም። ከዚያ ሄልሜቱን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ያዘላት።

"እሷን ጠይቋት" አለ።